የክሳት ተመን

የከተማችንን ስም አልጠራም። ብጠራው ሰው ካርታ አውጥቶ ይፈልገዋል፤ ካርታው ላይ ሲያጣው ደግሞ ዋሾ ይለኛል። በዚህ ዕድሜዬ ዋሾ መባል አልፈልግም። ከተማው ከኮረብታ ጀርባ ነው። ከኮረብታው ፊት ለፊት የነጋዴ መንገድ ያልፋል። በመንገዱና በከተማው መካከል አንድ ረጅም ግንብ አለ። ይህን ካወቃችሁ ይበቃል።

መንገደኛ ወደ ከተማችን ዘው ብሎ አይገባም። መጀመሪያ ሸክሙን ሳያወርድ ግንቡን እያየ ይሄዳል። እያንዳንዱ ነጋዴ ግንቡ ላይ አንድ መስኮት አለው። እውነተኛ መስኮት እንዳይመስላችሁ፤ የተሣለ ነው። በመስኮቱ ውስጥ የነጋዴው ቤት ይታያል፦ ምን እንደሚሸጥ፣ ባለቤቱ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ፣ በየትኛው በር ገብተው በየት በኩል እንደሚታጠፉ። መስኮት የሌለው ነጋዴ እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል። ከአያት ከቅድመ አያት ሲወርድ የመጣ የቆዳ ፋቂዎች ቤት መስኮቱ በዝናብ ስለታጠበበት ብቻ በአንድ ክረምት ሲዘጋ በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔና እህቴ ስንዱ የምንተዳደረው መስኮት በመሥራት ነበር። እኔ ለሳኝ ነኝ። ግንቡን እፍቃለሁ፣ ኖራ አቦካለሁ፣ እለስናለሁ፣ መሰላል እሸከማለሁ። እሷ ትሥላለች። በአሥራ አንድ ዓመት እበልጣታለሁ። እናታችን ስትሞት ስንዱ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ቤት ብቻዋን ትቼያት መሄድ ስለማልችል ይዣት ወደ ግንቡ ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲያ ከግንቡ አልተለየችም።

ስንዱ ስትሥል ላያት ሰው ሥራ ላይ ያለች አትመስልም። ነጋዴው ቤት ሄዳ ትቀመጣለች። የሰጧትን ትበላለች፣ ታወራለች፣ ትስቃለች። በማግስቱ ግንቡ ፊት ትቆምና ከጧት እስከ ቀትር ትጨርሰዋለች። አንድ ጊዜ የማር ነጋዴዋን የወይዘሮ የውብዳርን መስኮት ሣለች። ማር የሚባል ነገር አልሣለችም። ሴትዮዋን በራቸው ላይ ቆመው፣ ጣታቸውን እየላሱ፣ ማንም አላየኝም በሚል ዓይን ሣለቻቸው። በዚያ ሳምንት በመንገዱ ያለፈ ነጋዴ ሁሉ ማር ገዝቶ ሄደ። ወይዘሮ የውብዳር ሊከፍሉ ሲመጡ ግን ፊታቸው ጠቁሮ ነበር።

"ለግማሽ ቀን ሥራ ይሄን ያህል?" አሉ።

"እትዬ፣ ማርዎ አለቀ አይደል እንዴ?" አልኳቸው።

"ማሩማ ጥሩ ስለሆነ ነዋ ያለቀው!"

ኑሯችን ይኸው ነበር። አንዱ ደንበኛ "አሁን እጄ ላይ የለም፤ ግን መስኮቴን ያየ ሁሉ ማን ሠራው ይላል፤ ስምሽ ይነሳልሻል" ይላል። ሌላው "የእህቴ ልጅም እኮ ይሞካክራል" ይላል። ሦስተኛው ሥራው ካለቀ በኋላ ይመጣና "ትንሽ ነገር ናት፣ ይቺን በር ወደ ግራ ፈቀቅ አድርጊልኝ" ይላል። በሩ ፈቀቅ ሲል ግድግዳው አብሮ ይሄዳል፤ ግድግዳው ሲሄድ ጣሪያው አለቦታው ይቀራል፤ እኔ እንደገና እለስናለሁ፣ እሷ እንደገና ትሥላለች። ሰውዬውም ከሁለቱ የፊተኛው ይሻል ነበር ብሎ ይሄዳል።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይላሉ። የቸገረን መስሎኝ ነበር እንጂ ከዚያ ወዲህ የመጣውን ሳየው አልቸገረንም ነበር። አንድ ቀን ተናድጄ የመስኮት ሠዓሊዎቹን ሁሉ ሰበሰብኩና አቤቱታ ጻፍኩ። ስንዱ አቤቱታው ላይ ለመፈረም እጇ ከብዷት ነበር።

"ወንድምዓለም፣ ተወው" አለችኝ። "ይጎድላል እንጂ ጦም አድረን አናውቅም።"

"ለእኔ ብዬ ነው እንዴ? ላንቺው እኮ ነው!"

"እኔማ እየሣልኩ ነው።"

ፈረመች። "ለድካማችን የታወቀ፣ የማይዋዥቅ፣ ለሁሉ እኩል የሆነ ተመን ይውጣልን" የሚለው ቃል የእኔ ነው። ሰነዱ እስከ ዛሬ በልክ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። በዚያ በኩል ሳልፍ ወደ ሌላ ጎን አያለሁ።

ስለ ልክ ቤት ልንገራችሁ። የከተማችን ሰው በብዙ ነገር ቢታማም በሚዛን አይታማም። ከሚዛን ውጭ የሚሸጥም የሚገዛም ነገር የለም፤ ቅንነታችን እሱ ነው። ጠበቃ የሚከፈለው በመዝገቡ ክብደት ነው፤ ለዚህ ነው በእኛ አገር ክርክር የማያልቀው። መምህር የሚከፈለው ተማሪው በሚሸከመው መጽሐፍ ልክ ነው። አዋላጅ የምትከፈለው በሕፃኑ ክብደት ነው፤ መንታ የተወለደለት አባት ሲያለቅስ ቢታይ ሁሉም እንባ የደስታ አይደለም። ይህን ሁሉ የሚመራው ልክ ቤት ነው፤ የልክ ቤቱ አለቃ ደግሞ ሊቀ ሚዛን ደርበው ነበሩ።

ሊቀ ሚዛን ደርበው ደግ ሰው ነበሩ። ፈርቼ አይደለም እንዲህ የምለው፤ አሁን በሕይወት የሉም። ጉቦ አይበሉም፣ ሰው አይሰድቡም፣ አቤቱታ ለያዘ ሰው ከወንበራቸው ይነሣሉ። የእኛን አቤቱታ ሁለት ጊዜ አነበቡና ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"ልጆቼ፣ እስከ ዛሬ ሳትመዘኑ ኖራችኋል" አሉን። "ይህ ለልክ ቤት ነውር ነው።"

በሳምንቱ ሠራተኞቻቸውን ይዘው ወደ ግንቡ መጡ። ስንዱ የሸማኔውን የአቶ ጓንጉልን መስኮት በዚያን ዕለት ነበር የጨረሰችው። መስኮቱ ውስጥ ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ይታያል፤ ድሩ ላይ የጧት ፀሐይ ወድቋል፤ ክሩን ልትቆጥሩት ትችላላችሁ። ሊቀ ሚዛን ረዘም ላለ ጊዜ ቆመው አዩት። ከዚያ ለሠራተኞቻቸው ምልክት ሰጡ። ሰዎቹ መፋቂያቸውን አውጥተው መስኮቱን ከላይ እስከ ታች ፋቁት፤ ትቢያው እንዳይባክን ከሥር ሸማ አንጥፈው ነበር። ትቢያውን ሰብስበው መዘኑት። ሦስት ወቄት ወጣው።

"ሦስት ወቄት ቀለም" አሉ ሊቀ ሚዛን። "በቀለም ተራ ዋጋ ይከፈላት። አንዲት ቅንጣት አትጉደልባት።"

ስንዱ ትቢያውን አየች። ግንቡን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

አቶ ጓንጉል ግን "ጌታዬ፣ አሁን መስኮቴስ?" አለ።

"ዋጋው ታወቀ፤ እንግዲህ ያሠሩታል" አሉት በትሕትና።

አሠራው። እሱንም ለክፍያው ብለው ፋቁት። በዚህ ዓይነት የአቶ ጓንጉል መስኮት በአንድ ወር ውስጥ አራት ጊዜ ተሠርቶ አራት ጊዜ ተፋቀ። የቀሩት ሠዓሊዎች ግን ተንኮሉ ቶሎ ገባቸው፤ ቀለሙን እንደ ጭቃ ይመርጉት ጀመር። አንዱ መስኮት ክብደቱን መቻል አቅቶት ከነልስኑ ተንዶ በቅሎ ገደለ። የበቅሎዋ ባለቤት ሲከስስ ሊቀ ሚዛን ነገሩን እንደገና መረመሩት። ስሕተታቸውን የማያምኑ ሰው አልነበሩም። ሕዝቡን በአደባባይ ሰብስበው እንዲህ አሉ፦

"ተሳስተን ነበር። ቀለሙ የሠዓሊው አይደለም፤ ከገበያ የተገዛ ነው። ሠዓሊው ከራሱ ያወጣውን ነው መክፈል ያለብን። ሰው ከራሱ አንድ ነገር ካወጣ፣ ያ ነገር ከራሱ ላይ ይጎድላል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሠዓሊም ለሳኝም ሥራ ሲጀምር ይመዘናል፣ ሥራ ሲጨርስ ይመዘናል። የጎደለው እሱ ዋጋው ነው። ለአንድ ነጥር ጉድለት አምስት ቁና እህል።"

አደባባዩ በጭብጨባ ተናጋ። እንዲህ ያለ ብልህ ነገር ሰምተን አናውቅም ነበር። እኔም አጨብጭቤያለሁ፤ መዳፌ እስኪቀላ።

የመጀመሪያው ሚዛን የተካሄደው በዚያው በአቶ ጓንጉል መስኮት ላይ ነው። እኔ ግንቡን ስፍቅ፣ ኖራ ሳቦካ፣ መሰላል ስሸከም ዋልኩ፤ ከተፈጥሮዬም ላብ የሚያጠቃኝ ሰው ነኝ። ሁለት ነጥር ጎደልኩ፤ አሥር ቁና ተሰፈረልኝ። ስንዱ እንደ ልማዷ ከሸማኔው ሚስት ጋር ስታወራ፣ ቆሎ ስትቆረጥም፣ ጠላ ፉት ስትል አረፈደችና በቀላል እጇ ሣለችው። ከአራቱ ሁሉ የሚበልጥ ነበር። ሚዛን ላይ ስትወጣ ሩብ ነጥር ጨምራ ተገኘች።

ጸሐፊው ግራ ገብቶት ወደ ሊቀ ሚዛን አየ። እሳቸውም አዘኑ፤ ሚዛን ግን ሚዛን ነው። ጉድለት የሚያስከፍል ከሆነ ጭማሪም ያስከፍላል። ስንዱ ለአቶ ጓንጉል አንድ ቁና ከሩብ እንድትከፍል ተፈረደ። አቶ ጓንጉል ጨዋ ሰው ስለሆነ "ሩቡን ትቼላታለሁ" አለ፤ ሕዝቡም ስለ ደግነቱ አመሰገነው።

ስንዱ ይግባኝ አለች። አብሬያት ሄድኩ። ሊቀ ሚዛን ከወንበራቸው ተነሥተው ተቀበሏት።

"ጌታዬ፣ እርስዎ የሚመዝኑት የዛሬዋን ጧት ነው" አለቻቸው። "ይህን እጅ ግን ያገኘሁት ዛሬ ጧት አይደለም። ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ግንብ ላይ ነኝ። ሃያ ዓመት አጥፍቼ አበላሽቼ ነው ግማሽ ቀን የበቃኝ። የሚከፈለኝ ለሃያ ዓመቱ ጭምር መሆን የለበትም?"

ልቤ ሞቀ። እኔ በአቤቱታው ውስጥ እንዲህ አድርጌ መጻፍ ነበረብኝ። ሊቀ ሚዛንም በጥሞና ሰሟትና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እውነትሽን ነው፣ ልጄ። ትልቅ ነገር ነው ያነሣሽው። ጻፍ" አሉ ወደ ጸሐፊው ዞረው። "ሃያው ዓመት ይታሰብላት። በስምንት ዓመትሽ ስንት ነጥር ነበርሽ?"

ስንዱ ወደ እኔ ዞረች።

"ታላቅ ወንድሟ አይደለህም? ትከሻህ ላይ ተሸክመሃት ይሆናል። ስንት ትሆን ነበር?" አሉኝ።

እኔ ሞኙ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አልገባኝም። "ቀጭን ነበረች፤ አርባ ነጥር ብትሆን ነው" አልኩ።

"አሁን መቶ ሃያ ነሽ" አሉ ሊቀ ሚዛን ወረቀቱን እያዩ። "እንግዲህ በሃያ ዓመቱ ሥራ ሰማንያ ነጥር ጨምረሻል። በደንቡ መሠረት አራት መቶ ቁና ለከተማው ትከፍያለሽ ማለት ነው። እኔ ግን አባት ነኝ። ይግባኝሽን አላየሁትም፤ ይዘሽው ሂጂ።"

አመስግነን ወጣን። በር ላይ ስንደርስ ስንዱ ሳቀች፤ በሳቋ መሐል እንባዋ መጣ። እኔም ልስቅ ሞክሬ አቃተኝ። ያን ቀን አቤቱታዬን ከግድግዳው ቀድጄ ብውጠው ምንኛ ጥሩ ነበር።

የቀሩት ሠዓሊዎች እንደ እኛ አልዘገዩም። ጧት ሚዛን ከመውጣታቸው በፊት አንድ እንስራ ውኃ ይጠጣሉ፤ ከሚዛን ሲወርዱ ኮሶ ይጠጣሉ። በቀትር ፀሐይ ብርድ ልብስ ተከናንበው ግንቡን ይዞራሉ። አንዱ በጎፈሬው ውስጥ ጠጠር ደብቆ ተመዝኖ ተያዘ፤ ከዚያ ወዲያ ሠዓሊ ሁሉ ራሱን እንዲላጭ ታዘዘ። ሥዕሉን በቀረችው ሰዓት እንደ ነገሩ ያደርጉታል። ደንበኞችም ለመዱት፤ እንዲያውም ወደዱት። "የእኔ መስኮት አምስት ነጥር ፈጀ" ብሎ መኩራራት መጣ። የጨርቅ ነጋዴው የከሳችውን ሠዓሊ በገበያ መሐል እየመራ "እዩዋት፣ ለእኔ ነው እንዲህ የሆነችው!" ሲል ሰምቻለሁ።

ስንዱ ይህን አልቀላቀልም ብላ ሦስት ወር ቆየች። በሦስት ወር ውስጥ ለስድስት ነጋዴ ባለዕዳ ሆነች፤ ያውም ለስድስቱም ወደር የሌለው መስኮት ሠርታ። ከዚያ ከልክ ቤት ወረቀት መጣላት። ዕዳው እስከ መስቀል ካልተከፈለ ከግንቡ ትታገዳለች ይላል። የታገደ ሠዓሊ ግንቡን በመቶ ክንድ ርቀት እንኳ ማለፍ አይችልም።

ወረቀቱን አንብቤላት ስጨርስ ከእጄ ተቀብላ አጠፈችው።

"ስንድዬ፣ እህሉን እኔ እከፍልልሻለሁ" አልኳት።

"ዘንድሮ ትከፍልልኛለህ። ከርሞስ?" አለች። "ግንቡን ከከለከሉኝ ምን ልሆን ነው? ሌላ ምን አውቃለሁ?"

"እንግዲያስ ምን ልታደርጊ?"

"እከሳለኋ። ሁሉም እየከሳ አይደል? እኔ ምን ጎደለኝ?"

ቀላል መስሏት ነበር። መብል ቀነሰች፤ አልከሳችም። ደንበኛ ቤት መቀመጥ ተወች፤ አልከሳችም። አንድ ሳምንት ሽምብራ ብቻ በልታ የሻማ ነጋዴውን መስኮት ሣለች፤ ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ባለችበት ናት። በዚያን ዕለት ግንቡ ሥር ተቀምጠን የነገረችኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

"ወንድምዓለም፣ ደርሼበታለሁ። ስሥል ደስ ይለኛል። ደስ ሲለኝ ደግሞ የጠጣሁት ውኃ እንኳ ሥጋ ይሆነኛል። የሚያወፍረኝ ምግቡ አይደለም።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ደስ እንዳይለኝ ማድረግ ነዋ" አለች፤ ቀዳዳ ጣሪያ ስለ መድፈን የምታወራ ነበር የምትመስለው።

ዋና ሠራተኛ ነበረችና ይህንንም በወጉ ሠራችው። መጀመሪያ ነጋዴዎቹን ቤታቸው ሄዳ ማየት ተወች። ከዚያ የሚሏትን ሁሉ መሥራት ጀመረች፦ በሩን ወደ ግራ ካሏት ወደ ግራ፣ ፊቴን አሳምሪልኝ ካሏት እያሳመረች፣ ፀሐይ ይብዛበት ካሏት ሦስት ፀሐይ። ቀለሙን ከምትጠላቸው ቀለሞች መረጠች። በወሩ ግማሽ ነጥር ጎደለች። ልክ ቤት አጨበጨበላት። በሁለተኛው ወር ሁለት ነጥር ጎደለች። ዕዳዋ በመስቀል ዋዜማ ተከፍሎ አለቀ፤ ግንቡም ቀረላት።

እዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ አልጽፍም ነበር። ግን ለሥራዋ ያለ ክርክር ተከፈላት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። እህሉ በዳውላ እየተጫነ ደጃችን ይራገፍ ጀመር። እሷ ደግሞ ልትበላው አትችልም፤ ከበላች የሚቀጥለው ሚዛን ይከዳታል። እህል ቢያስቀምጡት ይነቅዛል። ስለዚህ እኔ በላሁት። ይህን መደበቅ አልፈልግም። እህቴ ከሥጋዋ ቆርጣ ያመጣችውን እህል እያስፈጨሁ፣ እያስጋገርኩ፣ ከፊቷ ቁጭ ብዬ በላሁ። እሷ ታየኝ ነበር። "ብላ እንጂ፣ ምን ይጠቅማል ቢቀር" ትለኛለች። እኔ እወፍራለሁ፣ ላቤ ይበዛል፣ ስለዚህ እኔም በደንብ ይከፈለኝ ነበር። በከተማው እንደ እኛ የተሳካለት ቤት አልነበረም። ሌሊት የጎድን አጥንቷ እየወጋት ስትገላበጥ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ፤ ጧት ተነሥቼ ቁርሴን እበላለሁ።

አንድ ቀን ደግሞ የብረት ነጋዴው ሥራውን ሊረከብ መጣ። በቀጥታ ወደ ሚዛኑ ሄደ። ቁጥሩን አየ፤ አራት ነጥር። ደስ ብሎት የስንዱን እጅ ጨብጦ፣ ለእኔም ሰላምታ ሰጥቶ ሄደ። መስኮቱን አላየውም። ስንዱ ሰውዬው እስኪሰወር ድረስ ጀርባውን ስታየው ቆየች። ከዚያ ብሩሿን አጠበች፣ በጨርቅ ጠቀለለች፣ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወዲያ አልሣለችም። እኔ የለሰንኩት ነጭ ኖራ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትከሳ ነበር። ደንቡ ስለ መስኮቱ የሚለው አንድም ቃል የለም፤ አቤቱታውን ስጽፍ እኔም አላነሣሁትም።

ማንም አልተቃወመም። ሌሎቹም ከእሷ ተምረው ብሩሻቸውን ሰቀሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ ግንቡ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆነ። ስንዱ የዓመቱ ምስጉን ሠዓሊ ተብላ ሁለት ጊዜ ተሸለመች፤ ሁለተኛውን ሽልማት ስትቀበል ወደ መድረኩ ደግፌ ያወጣኋት እኔ ነኝ። ሊቀ ሚዛን ባደረጉት ንግግር በዓለም ላይ ለሠዓሊዎቹ በትክክል የሚከፍል ከተማ የእኛ ብቻ መሆኑን ገለጹ። ያን ቃል ሲናገሩ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ከልባቸው ነበር።

መንገደኛው ግን ቀረ። የሚመጣው ነጋዴ ግንቡን አይቶ ሰው የሌለበት አገር መስሎት ያልፋል። ማር የፈለገ ቆዳ ፋቂዎች ሰፈር ገብቶ አፍንጫውን ይዞ ይወጣል። ሱቆች ተዘጉ። ወይዘሮ የውብዳር ማራቸውን ለራሳቸው ሲበሉ ከርመው በመጨረሻ ቀፎዎቹን ሸጡ። በልክ ቤት ምክንያቱን የሚያጠና ሸንጎ ተሰይሞ ነበር፤ ሸንጎው ሠዓሊዎቹ ገና በበቂ ሁኔታ አለመክሳታቸውን አረጋገጠ።

አሁን ወደ መጨረሻው ልምጣ። ባለፈው ጥቅምት አንድ ሰው በራችንን አንኳኳ። ከወንዝ ማዶ የመጣ የጨው ነጋዴ ነው፤ ሻንቆ እባላለሁ አለ። ግንቡ ከኮረብታው ጋር በሚገናኝበት ጥግ፣ ቁጥቋጦ የሸፈነው አንድ የድሮ መስኮት ማየቱን ነገረን። የዳንቴል ሠሪዎች ቤት እንደነበር፣ ባለቤቶቹም ከሞቱ መቆየታቸውን አውቃለሁ። ቁጥቋጦውን ገልጦ ፊቱ ተቀምጦ መዋሉን፣ በቅሎዎቹን ውኃ ማጠጣት መርሳቱን እየሳቀ አወራን። ከዚያ ማን እንደሣለው ሲጠይቅ ውሎ ወደ እኛ ቤት ጠቆሙት።

ስንዱ መደብ ላይ ተቀምጣለች። ሰውዬው አይቷት ደነገጠ፤ ጨዋ ስለሆነ ግን ድንጋጤውን ዋጠው። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣት።

"እመቤቴ፣ በአገራችን የከተማ በር ላይ አንድ መስኮት እንዲሠሩልን እፈልጋለሁ" አላት። "ከፈለጉ ዓመት ይፍጅ። ከፈለጉ አንድ ቀን። ምን እንደሚሥሉም አላዝዎትም፤ ያን የሣለ ሰው አይታዘዝም።"

ስንዱ እያየችው ነው።

"ሚዛኑስ?" አልኩ እኔ።

"የምን ሚዛን?" አለ ሰውዬው ግራ ገብቶት። "በእኛ አገር በሚዛን የሚሸጠው ጨው ነው። ሠዓሊ ዋጋውን ራሱ ይናገራል፤ ከተስማማን እንከፍላለን። የእርስዎን ሥራ ደግሞ አይቼዋለሁ፤ አልከራከርም። ዋጋዎን ይንገሩኝ፣ እመቤቴ።"

ዕድሜ ልኬን ከአንድ ሰው አፍ ለመስማት የጠበቅኩት ቃል ነበር። ዘግይቷል፤ ቢዘገይም መጣ። እጇን ያዝኩት፤ እንደ ጭራሮ ነበር፤ ግን እጇ ነው፣ ያው እጅ ነው ብዬ አሰብኩ። ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ትድናለች፤ ብሩሹ ሣጥን ውስጥ አለ። እንባዬ መጣ።

"ስንድዬ፣ ተናገሪ" አልኳት። "ሰማሽው? ዋጋሽን ንገሪኝ እኮ ነው የሚልሽ። ያሻሽን ተናገሪ!"

ስንዱ ቀስ ብላ ከመደቡ ወረደች። ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። በሚዛን ቀን እንደምታደርገው ጫማዋን አወለቀች፣ ነጠላዋንም አውርዳ መደቡ ላይ አጠፈችው። ከዚያ ሰውዬውን በትሕትና ቀና ብላ አየችውና፣

"ስንት ነጥር ልክሳልዎ?" አለችው።

ሻንቆ የቀለደች መስሎት ሳቀ። እሷ ግን ቆማ መልሱን ትጠብቅ ነበር።